ስም የበዛበት ሰው

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሥርጉት ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ሴቶች የሚንሾካሾኩት ቃል በቃል ይደርሳታል። አንደኛዋ ልጅቱ መምጣቷ ገርሟታል። ሌላዋ ደግሞ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ እንደነበረች ታወራለች። «በቁሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታናግረው» አለች። ከዚያ አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገባና ሁለቱም ወሬያቸውን ትተው ማልቀስ ጀመሩ።

አባቷ አቶ ሰይፈሥላሴ የተቀበሩት ትናንት ነው። ሰኞ ጠዋት ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ሥርጉት ቢሮ ሆና ነበር የሰማችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገር ሁሉ ራቅ ብሎ ይታያታል። ሰው ሲያቅፋት የታቀፈችው ሌላ ሴት ትመስላታለች። ዛሬ ንጋት ላይ ከአቃቂ ወንዝ በኩል የተነሳው ጉም ግቢውን ሞልቶት ስታይ፣ የእድሩ ድንኳን ገመዱን በጥሶ የሚንሳፈፍ መስሏት ቆማ ቀረች። ከጉሙ ውስጥ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲወጣ አባቷ መሰሏት። ድንኳኑ ውስጥ ካደሩት ጎረቤቶች አንዱ ነው፤ ፊቱን ሊታጠብ ነው።

እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም አጠገቧ ጋደም ብለዋል። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ጠፍቷል።

«እንቅልፍ ይውሰድሽ እስቲ» አሏት በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ በየበዓሉ ሲደውል ሳላነሳ ምን ይል ነበር?»

«ምን ይላል። ‹ሥራ ላይ ናት› ይለኛል።»

«በፋሲካም?»

«በፋሲካም። ‹የመንግሥት ሥራ በዓል አያውቅም› ይልና ስልኩን ይዘጋዋል። ከዚያ ዶሮውን ያካፍልና የአንቺን ድርሻ ለብቻ ያስቀምጣል። በማግስቱ እኔው እበላዋለሁ።»

ሥርጉት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

አባቷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አምስት ዓመት የእንፋሎት ቦይለር መካኒክ ነበሩ። ሰፈሩ ጋሽ ሰይፉ ይላቸዋል። ሥርጉት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን እራት ላይ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለች። እናቷ ሊቆጡ ሲሉ አባቷ ቀመሱና «ልክ ናት፣ በዝቶበታል» አሉ። ደስ አላት። ቀጥለው ግን ወደ እሷ ዞረው «እሺ፣ ምን ይደረግ?» አሏት። ምን እንደሚደረግ አታውቅም። አባቷ ድንች አምጥተው ከነቢላዋው ሰጧት። ልጣጩ ወፍራም ሆኖ ድንቹ ግማሽ እስኪቀር ላጠች፤ ወጡ ላይ ተጨመረ፣ እራቱ ዘገየ፣ ጨውም ለዘበ። «የሚነቅፍ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ነው» አሏት ያን ዕለት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ። በዚያ ቤት ምንም ነገር መንቀፍ ይቻላል፤ የነቀፈ ግን ይነሳል።

ሌላም የሚወዷት ንግግር ነበረቻቸው። «ዘመን በመጣ ቁጥር ስም ወጣልኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ግን የጠየቀኝ የለም» ይሉና ይስቃሉ። ልጅቱም ትስቃለች። ስሞቹ ምን ምን እንደነበሩ አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። የመጨረሻውን ራሷ እንደምታወጣላቸውም አላሰበችም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ሥርጉት በወረዳው ኮሙኒኬሽን ክፍል ትሠራ ነበር። አዲሱ የሰፈር መንገድ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ፤ መድረኩን የምትመራው እሷ ነበረች። አባቷ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ከመሃል ተነሱ።

«መንገዱ ጥሩ ነው፤ ያሠሩትን አመሰግናለሁ» አሉ። «ጅረቱ ላይ የተቀበረው ቱቦ ግን ጠባብ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ማለፊያ አጥቶ ወደ ቤት ይመለሳል። እዚህ ላይ ሥዬዋለሁ። ጉልበት ካስፈለገ እኛ የሰፈሩ ሰዎች አለን።»

ከመድረኩ ጫፍ የተቀመጠው አለቃዋ ዞር ብሎ አያት። ከሦስት ቀን በፊት በኮሪደሩ ላይ «ያ በየስብሰባው የሚነሳው ሽማግሌ አባትሽ ነው አሉ» ብሏት ነበር። ሌላ ምንም አላላትም፤ ያቺው ትበቃለች። ሥርጉት ማይክራፎኑን አነሳች።

«እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን» አለች። «ይሄ የፀረ-ልማት ኃይሎች አጀንዳ ነው።»

ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። አባቷ የተናገረችውን ያልሰሙ ነው የሚመስሉት። ከዚያ በዝግታ ወደ መድረኩ ሄዱና «ወረቀቱን እዚህ ላስቀምጠው» ብለው ጠረጴዛው ላይ አኑረውት ወጡ። በዚያው ወር ሥርጉት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይታ ገባች። እናቷን እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ታገኛቸዋለች። አባቷን ምን ብላ እንደምታያቸው ስላላወቀች ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ሁለት ዓመት አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ አየር ለመውሰድ ብላ ወጣች። ድንኳኑ ከውጭ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከስሩ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ፊታቸው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰዎቹ ኩሬ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። አንዳንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ያንጎላጃል። ሥርጉት ከሸራው ውጭ የድንኳኑን ቋሚ ግንድ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፆቹ ይመጡና ይርቃሉ፤ እንቅልፍ ሊወስዳት ነበር። የአባቷን ስም ስትሰማ ነቃች።

«ጋሽ ሰይፉ ተቃዋሚ ነበሩ» ይላል አቡዘር። የጎረቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌሩ የጋሽ ሙሀመድሰዒድ ልጅ ነው፤ አስተማሪ ነው። «እውነቱን ስለተናገሩ ነው ፀረ-ልማት የተባሉት። ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያሏቸው ሰዎች መጥተው ለቅሶ ይቀመጣሉ።»

«ተቃዋሚ ነበሩ ያለህ ማነው?» ያለው ዘአማኑኤል ነው፤ ከሥርጉት ጋር አንድ ቢሮ ይሠራ ነበር። «መንገዱን በአደባባይ ያመሰገኑ ሰው እኮ ናቸው። የእኛ ሰው ነበሩ።»

«የእናንተ ሰው ከሆኑ ለምን ስም አወጣችሁላቸው?»

«እናንተስ? የስብሰባውን ቪዲዮ ቆርጣችሁ ለቀቃችሁት። ‹መንገዱ ጥሩ ነው ያልኩትን ለምን ቆረጣችሁት› ብለው ሲቆጡ ካድሬ አላላችኋቸውም?»

«አቡዘር፣ ተቀመጥ» አሉ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ።

አቡዘር አልተቀመጠም። ዘአማኑኤልም ተነሳ፤ ከሁለቱም ጀርባ ሌሎች ወጣቶች ተነሱ። አግዳሚ ወንበር በጎኑ ወደቀ፤ ካርታው ተበተነ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን አንስተው ሊወጡ መንገድ ጀመሩ። የሰው ሬሳ ትናንት ወጥቶ ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ቡጢ ሊሰነዘር ነው።

ሥርጉት ሸራውን ገልጣ ገባች። ለምን እንደገባች በኋላም ስታስበው በደንብ አታውቀውም። እግሯ ይዟት ገባ። ሴት ልጅ፣ ያውም ሐዘንተኛዋ፣ በወንዶቹ መሃል ስትቆም ሁሉም ዝም አለ።

«ፀረ-ልማት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ማንም አላዘዘኝም። ማይክራፎኑ በእጄ ነበር። ያመጣውን ወረቀት ገልጬ እንኳ አላየሁም። የሱ ልጅ መሆኔ እንዳይነገር ፈርቼ ነው። አባቴ የእናንተም የእነሱም አልነበረም። ቱቦ ጠቦ አየ፣ ጠቧል አለ። ከዚህ ሌላ ምንም አላደረገም።»

ዘአማኑኤል መሬት መሬት ያያል። ሥርጉት አሁን ምን እንደምታደርግ፣ ትውጣ ትቀመጥ ጠፋት።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ከጥግ ተነሱ። ከአባቷ ጋር ፋብሪካው ውስጥ አብረው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት፤ ወንበራቸውንም ለቀቁላት። «የመጀመሪያዋ አይደለሽም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ሥርጉት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሰባዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ሁለታችንም ልጆች ነን። አባትሽ የቦይለሩ መተንፈሻ ቫልቭ አልቋል፣ ማሽኑ ቆሞ ይቀየር፣ አለበለዚያ ይፈነዳል አለ። ያኔ ምርት ይቆም ማለት ቀላል አልነበረም። እኔ ደግሞ የዘመኑ ሰው ነኝ፤ ቀዩን ደብተር በብብቴ ይዤ የምዞር። ‹አሻጥረኛ ነው› ብዬ አመለከትኩ። በዚያው ቀን ወሰዱት። ሰባት ወር ታሰረ።»

እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው ቆዳው የተጨማደደና የሚያብረቀርቅ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን ጠባሳ ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን ያለ አይመስልም።

«በታሰረ በሦስተኛው ወር ቫልቩ በረረ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ተፈትቶ ሲመጣ ራሱን ላጭተውት ነበር፤ በቀጥታ ፋብሪካ ገባ። ማን አሳሰረኝ አላለም። ማን እንዳሳሰረው ያውቃል። ‹ቫልቩን ቀየራችሁት?› ነው ያለኝ። አልቀየርነውም፤ በሽቦ አስረነው ነበር የምንሠራው። መፍቻውን አነሳና ‹ና ያዝልኝ› አለኝ። በዚህ በተቃጠለ እጄ ያዝኩለት። ሠላሳ ዓመት ያዝኩለት።»

«ይቅርታ አሉት?» አለች ሥርጉት።

«አንድም ቀን አላልኩትም። ቀኑ አልመች እያለኝ ይኸው ቀበርኩት።» ጋሽ ታደሰ አፋቸውን በእጃቸው ከደን አድርገው ቆዩ። «ቆይቶ ደግሞ መንግሥት ሲቀየር ‹የደርግ ርዝራዥ› ብለው ከሥራ ሊያባርሩት ነበር። በደርግ የታሰረውን ሰው። ሳቀ እንጂ አልተናደደም። ‹ቦይለሩ የሁላችንም ነው፤ ሲፈነዳ ወገን መርጦ አያቃጥልም› ነበር የሚለው። አንድ ዓይነት እንድናስብ ፈልጎ አያውቅም። አብረን እንድንይዝ ነበር የሚፈልገው።»

ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ለልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸውን አላነሱም።

«ካድሬ ያላችሁት ዕለት እኔም ዝም ብዬሃለሁ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አምና ጅረቱ ሞልቶ ውሃው ቤታችን ሲገባ ፍራሻችንን በትከሻው ተሸክሞ ያወጣው ማነው?»

አቡዘር የወደቀውን ወንበር አየ።

«ጋሽ ሰይፉ» አለ።

«አላህ ይዘንለት። ወንበሩን አንሳ።»

አቡዘር ጎንበስ አለ። አግዳሚው ረጅም ነው፤ ብቻውን ሲያነሳው ሌላኛው ጫፍ መሬት ይጎተታል። ዘአማኑኤል በዚያኛው በኩል ያዘለትና ወደ ቦታው መለሱት። ሁለቱም እዚያው አግዳሚ ላይ፣ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ። ሊወጡ የነበሩት አዛውንት ከዘራቸውን መልሰው ግንዱ ላይ አስደገፉ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ አንድ ሰው የተበተነውን ካርታ መልቀም ጀመረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥርጉት ተኛች። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች፣ በሰው ጫጫታ መሃል፣ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጥላ። በሕልሟ አባቷ ቦይለሩን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ልታናግራቸው ትሞክራለች፤ የእንፋሎቱ ድምፅ ይበልጣታል። አባቷ ግን እንደሚሰሟት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሥራቸውን ይሠራሉ።

በሰልስቱ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው በር ላይ አንድ ወጣት ቆሞ አገኙ። ጭቃ የበላው ቦት ጫማ ተጫምቷል፤ በዚያ ጫማ ድንኳን መግባት አፍሮ ነው። የወረዳው መሐንዲስ ገዳ ነበር። እሷ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረች በኋላ ስለመጣ ሥርጉት በስም እንጂ በመልክ አታውቀውም።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት። «የመጣሁት ለልቅሶ ነው፤ ግን ደግሞ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። በዚህ ቀን መጠየቄ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ምንድነው?»

«ጋሽ ሰይፉ በየሐሙሱ ቢሮዬ ይመጡ ነበር።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ሊነቅፉኝ» አለና ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «አምና ጎርፉ ከመጣ በኋላ ነው የጀመርነው። በዚያ ስብሰባ ላይ የተዉትን ወረቀት ከመሳቢያ አገኘሁትና አስጠራኋቸው። መጀመሪያ ቱቦውን ሁለት ላድርገው ብዬ ሣልኩ፤ ሁለቱም በደለል ይደፈናሉ አሉኝ። ተናደድኩ፤ ከቢሮዬ ላስወጣቸው ምንም አልቀረኝም። በሳምንቱ ድልድይ ሥዬ ጠበቅኳቸው። እሱንም ነቀፉት። እየነቀፉት ግን ጎንበስ ብለው አብረውኝ ይሥላሉ።» ከፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። «ባለፈው ሐሙስ ይሄን ሰጡኝ። አራት ነጥብ ነው። ሦስቱን ሠርተናል። አራተኛውን ማንበብ አቃተኝ። የድልድዩን ብየዳ የሚሠሩት ነገ ይጨርሳሉ።»

ሥርጉት ወረቀቱን አልተቀበለችውም። መጀመሪያ ሌላ ነገር መጠየቅ ነበረባት።

«ስለ እኔ ምን ይልህ ነበር?»

ገዳ አመነታ። «አንድ ቀን እኔው ነኝ ያነሳሁት። ልጅዎ አይደለችም ወይ ብዬ። ‹ልጄ ናት። ተሳስታለች› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። ወደ ሥዕላችን ተመለስን። ስም አላወጡልሽም።»

ወረቀቱን ተቀበለችው። የአባቷ ጽሑፍ ነው፤ ነፋስ እንዳጎነበሰው ሣር ወደ ቀኝ ያጋደለ፣ ፊደሎቹ እግራቸውን የረሱ። ትምህርት ቤት ሳለች ለመምህሮቿ የሚጽፉትን ደብዳቤ አንብባ የምታስረዳው እሷ ነበረች። አራተኛው ነጥብ ላይ እጃቸው ደክሞ እንደሆነ ያስታውቃል። በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆመች አነበበችለት።

«መደገፊያው ብረት... ለአዋቂ ነው የተሠራው። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በዚህ ስለሚሻገሩ... ከሥሩ ሌላ ብረት ይጨመር። የልጅ እጅ በሚደርስበት ቁመት ይሁን።»

ገዳ ግንባሩን ያዘ። «የልጅ እጅ» አለ ለራሱ። «ይሄን ሳላነብ ልዘጋው ነበር።»

«እንሂድ» አለች ሥርጉት።

«አሁን? ሰው እኮ መጥቶልሻል።»

«ቅርብ ነው።»

ለእናቷ ነገረቻቸው፤ እናቷም ምንም ሳይጠይቁ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት። ቁልቁል ወረዱ። ጉሙ ገና ከጅረቱ ላይ አልተነሳም ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ድልድዩ ወደ የትም የሚያደርስ አይመስልም፤ መሃሉ ላይ ነጭ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ሲቀርቡት ግን ወዲያኛው ዳር ብቅ አለ፤ የእነ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ አጥርና ቆርቆሮው፣ ከዚያ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ። አዲስ ሲሚንቶ ሸተታት። ውሃው ከሥር እየተንኮለኮለ ያልፋል፤ ማለፊያው ሰፊ ነው። ብረቱ ገና ቀለም አልተቀባም። እጇን ስታሳርፍበት ቀዘቀዛት። ደረቷ ድረስ ይመጣል።

«የልጅ እጅ ስንት ይሆናል?» አለ ገዳ ሜትሩን ከኪሱ እያወጣ። ልጅ የለውም። እሷም የላትም።

ሥርጉት አባቷ እጇን ይዘዋት የሚሄዱበትን ዘመን አሰበች። ከዚያ ቀኝ እጇን ከብረቱ ላይ አንስታ በጎኗ ቁልቁል አወረደችው፤ ዳሌዋን አለፈ፣ ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። መዳፏን ወደ ታች ዘርግታ፣ ጣቶቿን አንድ ነገር እንደያዘ ሰው አጠፍ አደረገቻቸው።

«ይህን ያህል» አለች።

ገዳ ተንበርክኮ ሜትሩን ከሲሚንቶው እስከ መዳፏ ዘረጋ። ቁጥሩን አነበበ፣ ወረቀቱ ላይ ከአራተኛው ነጥብ አጠገብ ጻፈው፣ ሜትሩንም ጠቀለለ።

«በቃ፣ ለካሁት» አላት።

እሷ ግን እጇን አላነሳችም።